አቦል ጨረቃ ይኖራት ይሆን?

«ቡና» የተባለች ኮከብ፣ «አቦል» የተባለች ፕላኔት እንዳላት ታውቃላችሁ? በ2012 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ዘመቻ ስሙን ያወጣችው ኢትዮጵያ ናት።

አቦል ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ስለሆነች መቆሚያ መሬት የላትም። ሕይወት ቢፈለግ ጨረቃዋ ላይ ነው፣ ካለቻት። ጨረቃ ደግሞ ከኮከብ ብትርቅም ሌላ ማሞቂያ አላት፦ ስበት። የጁፒተር ስበት አዮ የተባለችውን ጨረቃ አንዴ ጠበቅ አንዴ ላላ እያደረገ እንደ ሊጥ ያሻታል፤ ፍትጊያው አግሏት እሳተ ገሞራ በእሳተ ገሞራ ሆናለች። ሙቀቱ ሲመጠን ግን ከበረዶ ሥር ያለ ውኃ እንዳይጋገር ያደርጋል።

ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ጨረቃ ካለች ትንሽ ትጨምርበታለች። ከፀሐይ ቤተሰብ ውጭ በእርግጠኝነት የተገኘች ጨረቃ ግን እስካሁን የለችም።

ጋይንት፣ ስማዳ፣ እስቴ ያላችሁ፦ በታኅሣሥ ምሽት ወደ ሰሜን ቀና በሉ። ቡና እዚያ አንድሮሜዳ ውስጥ ናት፤ በባዶ ዓይን ባትታይም በባይኖኩላር ትገኛለች።