መልስ ሰጪው ኮምፒዩተር በፈተና ወንበር ላይ

ተማሪው ያወቀውንና ያላወቀውን ለይቶ ለመረዳት ፈተና ማውጣት የመምህር የዘወትር ተግባር ነው። ተፈታኙ ኮምፒዩተር በሚሆንበት ጊዜ ግን ጥያቄውን ማን ያወጣል? መልሱንስ ማን ያርማል? ይህ አጭር ጽሑፍ፣ መልስ ሰጪ ፕሮግራሞች ለሙያ ነክ ጥያቄዎች የሚሰጡት መልስ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት እንዴት ሲመዘን እንደ ቆየ ይቃኛል። ዘመናቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከቀደምቶቹ ፈተናዎች አንዱ የተካሄደው በጥር 1971 በሂዩስተን ከተማ በተደረገው የጨረቃ ሳይንስ ጉባኤ ላይ ነበር። ዊልያም ውድስና የሥራ ባልደረቦቹ የሠሩት «ሉናር» የተባለው ፕሮግራም፣ አፖሎ 11 ከጨረቃ ስላመጣቸው ናሙናዎች ኬሚካዊ ይዘት በእንግሊዝኛ ለሚቀርቡለት ጥያቄዎች መልስ ይሰጥ ነበር። ጠያቂዎቹ የፕሮግራሙ ሠሪዎች ሳይሆኑ በሙያው የተሰማሩ ሊቃውንት ነበሩ። ከ111 ጥያቄዎች 78 በመቶ የሚሆኑት በትክክል ተመለሱ፤ ጥቃቅን ጉድለቶች ቢታረሙ ውጤቱ 90 በመቶ እንደሚደርስ ታወቀ። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ የሚመልሰው ከተዘጋጀለት የመረጃ መዝገብ ብቻ ስለ ነበር የዕውቀቱ ወሰን ጠባብ ነበር።

የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች እንዲህ ያለ ወሰን የላቸውም። እጅግ ብዙ ጽሑፍ አጥንተው ቃልን ከቃል እያስከተሉ መልስ ስለሚያዘጋጁ፣ ስሕተታቸውም እንደ እውነቱ ሁሉ በተቃና ቋንቋ ይቀርባል። በ2021 የወጣ 817 ጥያቄዎች ያሉት መመዘኛ ይህንኑ አሳይቷል፤ በዚያን ጊዜ ከተፈተኑት ፕሮግራሞች የተሻለው በ58 በመቶው እውነት ሲናገር፣ የሰዎች ውጤት 94 በመቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውጤቱ በጣም ከፍ ብሏል። ነገር ግን በይፋ የታተመ ጥያቄ ፕሮግራሙ ካጠናው ጽሑፍ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ አስቀድሞ የወጣ ፈተና ዕውቀትን እንደማይመዝን ደግሞ ለመምህር መንገር አያሻም።

ይበልጥ ሊጤን የሚገባው በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 የቀረበው ጥናት ነው። «ቻትጂፒቲ» 517 የኮምፒዩተር ፕሮግራም አሠራር ጥያቄዎች ቀርበውለት፣ ከመልሶቹ 52 በመቶው የተሳሳተ መረጃ ነበረባቸው። በጥናቱ የተሳተፉት ሰዎች ግን ከእነዚህ ስሕተቶች 39 በመቶ ያህሉን ሳያስተውሉ አለፏቸው። እንግዲህ አደጋው በስሕተቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን በንግግሩ ማማርም ጭምር ነው።

ከዚህ ታሪክ ለትምህርት ቤቶቻችን የሚገኘው ቁም ነገር ግልጽ ነው። በእንግሊዝኛ የተገኘ ውጤት ለአማርኛ ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት፣ የየትምህርቱ መምህራን መልሱን አጥብቀው የሚያውቁትን፣ ያልታተመ ጥያቄ ራሳቸው አውጥተው በማስተማሪያው ቋንቋ ይፈትኑት፤ ያርሙትም። በሂዩስተን ጠያቂዎቹ የሙያው ባለቤቶች እንደ ነበሩ ሁሉ፣ በእኛም ዘንድ የእርማቱ ብዕር ከመምህሩ እጅ መውጣት የለበትም።