ጥርኝ ውሃ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ እንግዳ ማመላለስ ከጀመርሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት እንደ ደረስን ጫማችንን አውልቀን የመቅደሱን ግድግዳ እንዞራለን። ጊዮርጊስን ከነፈረሱ፣ ተክለ ሃይማኖትን ከነተቆረጠች እግራቸው አይተው ያልፋሉ። አንዱ ሥዕል ዘንድ ሲደርሱ ግን ሰልፉ ይቆማል። ሰው ሰውን ይበላል። «ይሄ ደግሞ ማነው?» ይሉኛል። «በላዔ ሰብእ ነው፤ ምሕረት አግኝቷል» እላለሁ።

ባለፈው ጥር ይህን ስል አንድ ወጣት አልተንቀሳቀሰም። ዋሽንግተን ያደገ ልጅ ነው፤ አማርኛው ይሰነካከላል እንጂ የሚለውን ያውቃል። በእናቱ በኩል የወሎ ሰው ነው፤ አያቱ እስላም ነበሩ፤ ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ንገረኝ አለኝ፤ እኔም የኔታ እንደነገሩኝ ነገርሁት።

ሰውየው ሲጀመር ደግ ነበር። እንደ አብርሃም እንግዳ ሳይቀበል እህል አይቀምስም። ሰይጣን ይህን አይቶ እንግዳ መስሎ መጣና ልጅህን አርደህ አብላኝ አለው። አብርሃም ልጁን ሊሠዋ ተነሥቶ የለ? አረደ። ቅመስ ሲሉት ቀመሰ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ እህል አልዋጥለት አለ። ሚስቱን፣ ቤተሰቡን፣ ያገኘውን መንገደኛ ሁሉ፣ 78 ነፍስ በላ። አንድ ቀን በውሃ ጥም ሊሞት የደረሰ በሽተኛ አገኘ። ሥጋው የተላላጠ ስለነበር ሊበላው ተጸየፈው። በሽተኛው ስለ እግዚአብሔር ብሎ ለመነው፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ ስለ ማርያም ሲለው ቆም አለ፤ ድሮ ሲጠራ የሚያውቀው ስም ነው። ጥርኝ ውሃ አንጠባጠበለት። ሲሞት ሚዛኑ ላይ በአንድ ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላው ያቺ ጥርኝ ውሃ ተቀመጠች። እመቤታችን ጥላዋን ብታሳርፍባት ውሃዋ ደፋች።

ልጁ ሥዕሉን እያየ «እንዲህ ከሆነ» አለ፣ «78 ሰው የበላው ክርስቲያን በመሆኑ ዳነ። አያቴ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። እሳቸው ስላልተጠመቁ ቀሩ ማለት ነው?»

ይህን ጥያቄ ፈረንጆችም ይጠይቁኛል፤ የነሱ ግን ብዙ ጊዜ የክርክር ነው። የዚህ ልጅ የአያት ጉዳይ ነው። ለፈረንጅ የምመልሰውን ለሱ ብመልስለት ነውር ሆኖ ተሰማኝ።

ታሪኩ የሚነበበው ከተአምረ ማርያም ነው። የተአምራቱ መጽሐፍ ደግሞ ከአውሮጳ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ የገባው በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ በ14ኛው መጨረሻና በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም ነው። እኛ አገር ሲገባ ብዙ ተጨመረበት። የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሳስብ ግን አንድ የቆየ ዘመዱ ትዝ ይለኛል። በ7ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የእስክንድርያው ፓትርያርክ የመጽዋቹ ዮሐንስ ገድል ውስጥ ጴጥሮስ የሚባል ስስታም ቀራጭ አለ። ለማኝ ሲያስጨንቀው ሊወረውርበት ድንጋይ ፈልጎ አጣና ዳቦ ወረወረበት። ታሞ ባየው ራእይ ሚዛኑ ላይ ከክፋቱ አንጻር የተገኘው ያ በንዴት የተወረወረ ዳቦ ብቻ ነበር። ይህን በኛ ሊቃውንት ፊት ብናገር «መስጠቱን ነው ያየለት፣ አወራወሩን አይደለም» የሚሉኝ ይመስለኛል።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ይህን የምሕረት መጽሐፍ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያዘዙት፣ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ የደነገጉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ናቸው። እኚሁ ንጉሥ «ከሥላሴ በቀር ለማንም አንሰግድም» ያሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስን አስገረፉ፣ ምላስና አፍንጫቸውን አስቆረጡ። እነዚያ መነኮሳት እኮ አልተጠመቁም የሚባሉ አይደሉም፤ ጾመኞች፣ መጽሐፍ ገልባጮች ነበሩ። ጥርኝ ውሃ ሰው በላን ታድናለች ብሎ የሚያስነብብ ቤተ መንግሥት የገዛ ወንድሙን መነኩሴ ግን አልማረም። የእምነታችንን በር ጠባብ ነው የሚል ሰው መረጃ ከፈለገ እዚህ ያገኛል። እኔ አልከራከረውም። በሩን ያጠበበው ግን በር ላይ የቆመው ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ክፍለ ዘመን በዚሁ ጣና ላይ ሌላ ነገር ሆኗል። ክርስቶስ ሠምራ የቡልጋ ሴት ናት፤ ባለጸጋ፣ ባለትዳር፣ የልጆች እናት። ተቆጥታ በአገልጋይዋ አፍ እሳት ከትታ ገደለቻት ይላል ገድሏ፤ ጸልያ አስነሣቻትና ቤቷን ጥላ መነነች። (ገድል ጸሐፊዎቻችን የቅዱሳንን ጥፋት የማይደብቁበት ጊዜ አለ፤ ይህን እወድላቸዋለሁ።) ኋላ በጣና ዳር በጓንጉት ገዳም ስትጋደል ክርስቶስን የለመነችው ልመና ማንም የሚደፍረው አይደለም፤ ሰይጣንን ማርልኝ፣ የአዳም ልጆች መከራ በዚያው ያብቃ አለች። አልተቆጣትም። ሚካኤልን ይዘሽ ሂጂ፣ እሺ ካለሽ አስታርቂን አላት። ሄዳ ከሲኦል ደጅ ብትጣራ ሰይጣን ይዞ ወደ ውስጥ ጎተታት። ሚካኤል ደርሶ አስጣላት፤ ስትወጣ ግን ብዙ ነፍሳት ተንጠልጥለውባት ወጡ። ገድሏ ዛሬም በገዳማቱ ይነበባል። ሰይጣንን ማርልኝ የሚል ልመና የቀረበበትን መጽሐፍ ቅዱስ ብሎ የሚያነብ ሕዝብ ስለ አንዲት የወሎ አያት አፉን ሞልቶ «ቀረች» ሊል አይችልም፤ ካለም የራሱን መጽሐፍ አላነበበም።

እንደማምነው የሚያድነው አንድ ነው፤ በዚህ አልደራደርም፤ ቤተ ክርስቲያኔም አትደራደርም። ማንን እንዳዳነ ግን ዝርዝሩ እኔ ዘንድ የለም። ለልጁ ይህንኑ አልሁት። ፊቱ ላይ ግን የረካ ነገር አላየሁም፤ እውነቱን ነው፣ ለአያቱ የተመለሰ መልስ አይመስልም። ስለዚህ የራሴን ነገርሁት።

ልጅ ሳለሁ ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ። ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግበን፣ ለውሻ ዱላ ይዘን ከቤት ቤት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ቁራሽ እንለምናለን። ስለ ስሟ፣ ስለ ማርያም ማለት ነው፤ ያ የተጠማ በሽተኛ የጠራው ያንኑ ስም ነው። አንድ ዓመት ክረምቱ ከብዶ መንደሩ ሁሉ ጎተራው ጎደለ። ከመንደሩ ጠርዝ የሸማኔ እስላሞች ቤት ነበር፤ ተማሪ አይሄድበትም። እኔ ሄድሁ። ስለ ማርያም ስል አንዲት እናት ወጡና «መርየምን እኛም እናውቃታለን፣ ልጄ» አሉኝ። ቁርኣኑ ውስጥ በስሟ የተጠራ ምዕራፍ እንዳለ ያወቅሁት ኋላ ካደግሁ ነው። የተሰናዳ ወጥ ቢኖራቸውም ሥጋቸውን እንደማልበላ ስለሚያውቁ የሽምብራ ቆሎ በእፍኛቸው ዘግነው አኩፋዳዬ ውስጥ ጨመሩልኝ።

ጎጆ ስደርስ ጓደኞቼ ተንጫጩ፤ ጣለው፣ አትብላ፣ ንስሐ ያስገባሃል አሉኝ። ጉዳዩ የኔታ ዘንድ ቀረበ። የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ። ቆሎውን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «በማን ስም ለመንህ?» አሉኝ። «በማርያም።» «ሰጡህ?» «ሰጡኝ፣ የኔታ።» «እንግዲያ ለኔም ዘግንልኝ» አሉ።

ጠባቂው አባ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ መዝጊያ ሰዓት እንደ ደረሰ ነገሩን። ወደ ጀልባው የሚወስደውን የቡና ጥላ ይዘን ወረድን። ጀልባ ነጂው ጋሼ ሶላታቸውን ጨርሰው ምንጣፋቸውን ይጠቀልላሉ። ልጁ እሳቸውን ሲያይ ቆየና ወደኔ ዞሮ «ጣፋጭ ነበር?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ቆሎው።»

«ትንሽ አርሮ ነበር» አልሁት።