አንድ ፊልም በሦስት ብር

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤላ ገበያ ውዬ ስመለስ አንድ የድሮ ተማሪዬ አገኘኝ። አሁን ኑሮው ደብረ ብርሃን ነው። ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ፣ ካሜራ ተከራይቶ ፊልም መሥራቱን ሰምቼ ስለነበር "እንዴት ሆነልህ?" አልኩት።

"አዳራሽ ተከራይተን ቅዳሜና እሁድ አሳየነው ቲቸር። ሰውም መጣልን። ሰኞ ዕለት ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የገባው ዘጠኝ ሰው ብቻ ነው።" ትንሽ ዝም አለና "እናቴ በግ ሸጣ የሰጠችኝን እንኳን ገና አልመለስኩም" አለኝ።

መምህር አይደለሁ? ስለ ሕግና ስለ ሥነ ምግባር ልሰብክለት አፌን ስከፍት ፈገግ ብሎ፣ "ቲቸር፣ እርስዎም ተማሪ እያሉ ጠባሴ ፊልም ይጭኑ ነበር አሉ፣ እውነት ነው?" አይለኝ መሰላችሁ!

እውነት ነው። በ2001 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ዲፕሎማዬን ስማር፣ ከሰዓት በኋላ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ በሰው ሚሞሪና ፍላሽ ላይ ፊልምና ዘፈን እጭን ነበር። አንድ ፊልም ሦስት ብር። የቤት ኪራዬን የከፈልኩት በዚያ ነው። ፊልሙ ባለቤት ይኖረዋል ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ልጁ ከሄደ በኋላ ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። እንዴት እዚህ ደረስን? የታሪክ መምህር ነኝና ከሥሩ ልጀምር።

በንጉሡ ዘመን ሙዚቃ የሚታተመው በሸክላ ነበር። ሸክላ የማሳተም ሥልጣን በትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባል በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት ነጋዴ ትእዛዙን እያወቀ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ ድረስ ልኮ አሳተመ። አምሃ ሪከርድስ ተወለደ። በ1967 ዓ.ም. ከአገር እስኪወጣ ድረስ መቶ ያህል ሸክላ አወጣ። ሸክላ ለአሳታሚው አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፦ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያባዛው አይችልም። ፋብሪካ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ካሴት መጣ። ካሴት ፋብሪካ አይፈልግም፤ ሁለት ቴፕና አንድ ባዶ ክር ይበቃዋል። እነ አምባሰልን፣ እነ ኤሌክትራን የመሳሰሉ ሙዚቃ ቤቶች ያደጉት በዚህ ዘመን ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ አሳታሚው ለዘፋኙ አንድ ጊዜ ይከፍለዋል፣ ማስተሩን ይወስዳል፣ ከዚያ በኋላ ትርፉም ኪሳራውም የአሳታሚው ነው። የኮፒ ካሴት ሲበዛ አሳታሚው የሚከፍለው ያንሳል፤ መጨረሻ ላይ የሚጎዳው ዘፋኙ ነው። ሕግ አልነበረም እንዳትሉ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይደነግጋል። ግን በየጓዳው ላለው ቴፕ ማን ዘብ ይቆማል?

ወደ ፊልሙ ስንመጣ ታሪኩ ትንሽ ይለያል። ድሮ ፊልም የሚሠራው በውድ የሴሉሎይድ ጥቅል ስለነበር ሥራዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በ1957 ዓ.ም. "ሂሩት አባቷ ማነው"፣ በ1966 ዓ.ም. "ጉማ" እያልን መጥራት እንችላለን። በር የተከፈተው የቪዲዮ ካሜራ ሲረክስ ነው። እዚህ ላይ ናይጄሪያን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ኬኔት ንኔቡዌ የሚባል ነጋዴ "ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ" የሚለውን ፊልም አሠርቶ ሲኒማ ቤት ሳይዞር በቪዲዮ ክር በቀጥታ ገበያ አወጣው። ከዚያ ወዲያ ናይጄሪያዊው ፊልሙን የሚያገኘው ከሱቅ፣ የሚያየው እቤቱ ሆነ።

የኛዎቹ ተቃራኒውን መረጡ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የቪዲዮ ፊልም ሲጀመር ሠሪዎቹ ሥራቸውን ይዘው የሄዱት ወደ ሲኒማ ቤት ነው። ቴዎድሮስ ተሾመ እንዲያውም ሴባስቶፖል ሲኒማን አቋቋመ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የትኬት ገንዘብ በር ላይ እጅ በእጅ ይገባል፣ ሲዲ ግን ገበያ በወጣ ማግስት ይባዛል። ስለዚህ ፊልሙ ሲኒማ ቤት ገቢው እስኪሟጠጥ ድረስ ወደ ሲዲ አይወርድም ነበር። ለአዲስ አበባ ይህ ትክክለኛ መላ ነው፤ አልወቅሳቸውም።

እኛስ? አንኮበር ሲኒማ ቤት የለውም። ልጅ እያለን የነበረን ቪዲዮ ቤት ነው፦ አንድ ክፍል፣ በብርድ ልብስ የተጋረደ መስኮት፣ የእንጨት አግዳሚ፣ አንድ ዴክ። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን ጃኪ ቻንንና ሻሩክ ካንን አይተን አድገናል። ቋንቋው ባይገባንም አንዱ እየተረጎመ ይነግረናል፤ ሲሳሳትም አብረን እንስቃለን። ስለ አዲሱ የአማርኛ ፊልም የምንሰማው ከአዲስ አበባ ከሚመጣ ዘመድ ነው። ፊልሙ ራሱ ሲደርሰን፣ ስንት እጅ አልፎ የደበዘዘ ኮፒ ሆኖ ነው የሚደርሰን።

የቤት ውስጥ ገበያውን የፈራው አከፋፋይ እኛን አልቆጠረንም። እንደ ደንበኛ የቆጠረን ኮፒ አድራጊው ብቻ ነበር። እኔም ሦስት ብር ስቀበል የቆምኩት በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ጠባሴ ፍላሽ ይዞ ከሚመጣው ሰው ግማሹ ገጠር የሚያስተምር መምህር፣ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስ ነበር። ኦሪጅናሉን ልግዛ ቢል የት ሄዶ?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቶ ነበር። ጥሩ አዋጅ ነው። ግን አዋጁ የታሰበው ሲዲ ደርድሮ ለሚሸጥ አዟሪ ያህል ሆነ። ሚሞሪ ካርድ ከጥፍር አይበልጥም፤ የሚደረደር ዕቃ የለው፣ የሚያዝ ኤግዚቢት የለው። ወዲያው ሲዲውም ጠፋ፤ ዛሬ ልጆቼን "ሲዲ ምንድነው?" ብላቸው ግማሾቹ ፍራፍሬ ላይ ወፍ ለማባረር የሚንጠለጠለውን ነው የሚያውቁት።

ታዲያ መፍትሔ የለውም? አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ፤ ይሄን ያስተማሩኝ ተማሪዎቼ ናቸው። "ናሩቶ" እያሉ የጃፓን ካርቱን ሲያወሩ ምንድነው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የጃፓን አኒሜ ባለቤቶችም እንደኛ ተፈትነዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 "ዳሎስ" የሚባለውን ሥራ በቀጥታ ለቤት ቪዲዮ ብለው አወጡ፤ እቤት ያለውን ተመልካች ደንበኛ አደረጉት ማለት ነው። ውጭ አገር ግን አልደረሱም። አሜሪካ ያሉ ወዳጆች ራሳቸው ተርጉመው፣ ከሥር ጽሑፍ ጨምረው በካሴት ይላላኩ ጀመር፤ በኋላም በኢንተርኔት። ብዙዎቹ አንድ ያልተጻፈ ደንብ ነበራቸው፦ ፈቃድ ያለው ቅጂ አገራቸው ከወጣ የነሱን ማባዛት ያቆማሉ። ደንቡ ሁልጊዜ ባይከበርም ነበረ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ክራንቺሮል የሚባል ድረ ገጽ ያለ ፈቃድ ሲጭን ቆይቶ፣ በ2009 ከባለቤቶቹ ጋር ተስማማ። "ናሩቶ" ጃፓን ቴሌቪዥን ላይ በታየ በሰዓት ውስጥ ለሚከፍለው ሰው፣ በቆየ ቁጥር ደግሞ በነፃ ማሳየት ጀመረ። በ2021 ሶኒ ያንኑ ድርጅት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛው። ኮፒ አድራጊውን ያሸነፉት ከእርሱ እኩል ፈጥነው፣ ከእርሱ የተሻለ ጥራት ይዘው፣ ሰው ካለበት ድረስ በመሄድ ነው።

በኛም አገር ጅምሩ አለ። ናሆም ሪከርድስ፣ ምነው ሸዋና ሌሎችም ወደ ዩቱብ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2019 እነ ኤልያስ መልካና ጆኒ ራጋ "አውታር" የሚል የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ይዘው መጡ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቴሌብር አለ፤ እዚህ አንኮበር ተቀምጦ አሥር ብር መክፈል እንደ ድሮው መንገድ አያስወጣም። የቀረው ፊልሙን በዚያው ቀን እዚህ የሚያደርሰው ሰውና "ባለቤቱ ራሱ ካወጣው እኔ አላባዛም" የሚል ደንብ ነው። ሁለተኛው የኛ ድርሻ ነው።

ስብከቴን ላሳጥር። የተማሪዬን እናት በግ በሦስት ብር ሒሳብ መክፈል አልችልም። ግን ማክሰኞ ደወልኩለት። ፊልሙን የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት 8 ሰዓት ጎረቤላ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ራሱ ይዞት መጥቶ ያሳያል። መግቢያ 30 ብር። የመጀመሪያዎቹን አሥር ትኬቶች ቆርጫለሁ፤ ለማን እንደምሰጣቸው ገና አላውቅም።

ቴሌግራም ላይ ያያችሁት ካላችሁ አልቆጣም፤ እኔ ምን አፍ አለኝ? ኑና ድጋሚ እዩት፤ ትኬት ግን ቁረጡ። ራቅ ያላችሁ፣ ውጭ ያላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የልጁን ቴሌብር እልክላችኋለሁ።

ድሮ ጠባሴ ፍላሻችሁን የሞላሁላችሁ ደንበኞቼም ይሄን ካነበባችሁ፣ እናንተም ነገሩ አለባችሁ። ቅዳሜ እንገናኝ።