ዋናና ተጠባባቂ ዳታቤዝ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፣ ዋናው የዳታቤዝ ሰርቨርና ተጠባባቂው በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሲሠሩ ጥቅማቸው እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ነው። ለምሳሌ የመረጥነው ፖስትግሬስኪውኤል የተባለውን ሲሆን፣ ዓመታቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ዳታቤዝ በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሊ፣ በፕሮፌሰር ማይክል ስቶንብሬከር መሪነት ፖስትግሬስ በሚል ስም ተጀመረ፤ የዛሬውን ስሙን ያገኘው በ1996 ነው። በ2001 የወጣው 7.1 እትም ማናቸውም ለውጥ ወደ ዳታው ፋይል ከመግባቱ አስቀድሞ በለውጥ መዝገብ እንዲጻፍ አደረገ። ዓላማውም ሥራው በድንገት ቢቋረጥ መዝገቡን እንደ ገና አንብቦ የጎደለውን ለመሙላት ነበር። ነገር ግን መዝገቡ ወደ ሌላ ስፍራ ተወስዶ በአንድ ቅጂ ላይ ቢነበብ፣ ቅጂው ዋናውን እየተከተለ ሊሄድ ይችላል። በ2005 የወጣው 8.0 እትም የመዝገቡን ፋይሎች በሌላ ስፍራ ለማከማቸት አስቻለ፤ በ2010 የወጣው 9.0 ደግሞ ፋይሉ እስኪሞላ ሳይጠበቅ ለውጡ ያለ ማቋረጥ እንዲተላለፍና ተጠባባቂውም ለንባብ ክፍት እንዲሆን አደረገ።

ሁለቱን በአንድ ኮምፒዩተር ማሠራት የሚያዳግት አይደለም። ተጠባባቂው ከዋናው ተቀድቶ የራሱ ማኅደር ይሰጠዋል፤ ዋናው በፖርት 5432 ቢሠራ ለእርሱ 5433 ይመደብለታል፤ መዝገቡንም ከየት እንደሚቀበል ይነገረዋል። በዚህ ዐይነት፣ ያለው አንድ ኮምፒዩተር ብቻ የሆነ ተማሪ ለውጡ እንዴት እንደሚተላለፍ ያያል፤ ዋናው ቢቆም ተጠባባቂውን በቦታው መተካትንም ይለማመዳል።

ስለ ጥበቃው ግን እንደዚሁ ለማለት አንደፍርም። ዲስኩና የኤሌክትሪክ ኀይሉ አንድ ከሆኑ አንድ አደጋ ሁለቱንም ይዞ ይጠፋል። የሰውም ስሕተት አለ። በ2017 ጃንዩወሪ 31 ቀን በጊትላብ ኩባንያ አንድ ሠራተኛ የተጠባባቂውን ማኅደር ያጠፋ መስሎት የዋናውን አጠፋ። ኩባንያውን ያዳነው ተጠባባቂው ሳይሆን 6 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ የተወሰደ ሌላ ቅጂ ነበር፤ በዚያ መካከል የገባው መረጃ ግን ጠፋ። ልብ እንበል፤ እነዚያ ሰርቨሮች በተለያዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ነበሩ። ማኅደሮቹ በአንድ ዲስክ ላይ ጎን ለጎን ሲሆኑማ መሳሳቱ ምን ያህል ይቀል!

እንግዲህ ከታሪኩ እንደምንረዳው፣ ተጠባባቂን ያስገኘው መዝገቡ ከቤቱ ወጥቶ መሄድ መቻሉ ነው። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ተጠባባቂ መልካም መማሪያ ነው፤ መድን ግን አይደለም። ስለዚህ የምናስቀምጠው መረጃ የሌሎች ሰዎች በሆነ ጊዜ፣ ተጠባባቂውን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር መውሰድ፣ ሌላም ቅጂ ለብቻው ማኖር ግዴታችን ነው እንላለን።