የመንግሥት ኃላፊዎች የድኅረ ምረቃ ሥልጠና (ጌዴኦ ዞን)

በሥራ ላይ ያሉ የመንግሥት ኃላፊዎች በአስተዳደርና በአመራር ማስተርስ የሚማሩበት ሥልጠና። በኢትዮጵያ ዋናው ተቋም በ1987 ዓ.ም. ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተብሎ አዲስ አበባ የተከፈተው፣ ኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ነው። የተከፈተው አዲስ የተዋቀሩት ክልሎች የተማረ የሰው ኃይል ስላጠራቸው ነበር፤ ተማሪዎቹንም በብዛት የሚልኩት ክልሎቹ ናቸው። በጌዴኦ ቅርቡ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም በ1989 ዓ.ም. በኮሌጅነት የጀመረው ዲላ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ትምህርቱ የሚፈተነው ቀበሌ ላይ ነው። በጌዴብ ወረዳ የምትገኘው ባንኮ ጎቲቲ በቡናዋ ትታወቃለች፤ በመኸር ወቅት ገበሬው ቀይ እሸቱን ወደ መፈልፈያ ጣቢያ ሲያጓጉዝ የሚዛን፣ የዋጋና የመንገድ አቤቱታ መድረሻው የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው። በ2010 ዓ.ም. የጌዴኦና የምዕራብ ጉጂ ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲያፈናቅል ጎቲቲም ብዙ ተፈናቃዮችን አስጠግታለች። ያን ጊዜ የአካባቢው ሹም እህል ማደል፣ መጠለያ መፈለግና ማስታረቅ ባንድ ላይ ወደቁበት፤ ማንም መምህር እንዲህ ያለ ፈተና አያወጣም።

ጌዴኦ የራሱ የአመራር ትምህርት ቤትም አለው፦ ባሌ የሚባለው ባህላዊ የአስተዳደር ሥርዓት። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል፤ ሽማግሌዎች በሶንጎ (በባህላዊው ሸንጎ) ተቀምጠው ነገር ይሰማሉ፣ ይዳኛሉ። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህም ባህላዊ አስተዳደር ከግምት ገብቷል። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጅ የዞኑ ሹም ከዚህ የቀረበ ርእስ ማግኘት ይከብዳል።