የክብደት መቀነሻ መርፌ የሚወስዱ ሰዎች ፀጉር ለምን ይሳሳል? ምንስ ማድረግ ይቻላል?

ለስኳር ሕመም ተብለው የተሠሩና በኋላ ክብደትን በመቀነስ ስማቸው የገነነ መርፌዎች ከአውሮፓና ከአሜሪካ አልፈው ወደ አፍሪካ ከተሞችም ዘልቀዋል። ከተጠቃሚዎቻቸው መካከል የተወሰኑት ግን ከወራት በኋላ ያልጠበቁት ነገር ይገጥማቸዋል። ማበጠሪያ ላይ የሚቀረው ፀጉር ይበዛል፣ ትራስ ላይ ይታያል፣ ሲታጠቡም በእፍኝ ይወጣል።

ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በሚኖሩበት የካምፓላው ሜንጎ ፀጉሯ የሳሳባት ሴት ልታንኳኳቸው የምትችላቸው በሮች በርካታ ናቸው። የፀጉር ማስዋቢያ ቤቶች አሉ፤ መድኃኒት ቤቶች አሉ፤ እንደ አውሮፓውያኑ በ1897 የተመሠረተውና የኡጋንዳ ቀደምት ዘመናዊ የሕክምና ተቋም የሆነው ሜንጎ ሆስፒታልም እዚሁ ይገኛል። መጀመሪያ የትኛውን በር እንደምታንኳኳ ግን ለውጥ ያመጣል።

በመርፌው ሳቢያ የሚከሰተው መሳሳት በአብዛኛው ጊዜያዊ ነው። ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከድንጋጤ በሚወሰዱ እርምጃዎች ነው። አንዳንዶች ለስኳር ሕመማቸው የታዘዘላቸውን መድኃኒት ያቋርጣሉ፤ ሌሎች ደግሞ ጥቅሙ ባልተረጋገጠ ምርት ላይ ገንዘብ ያወጣሉ ወይም የሳሳውን ፀጉር በጥብቅ ሹሩባ ይሸፍኑታል።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

ሴማግሉታይድ የተባለው ንጥረ ነገር ኦዜምፒክ በሚል ስም ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም፣ ዊጎቪ በሚል ስም ደግሞ ለክብደት መቀነሻ ይሸጣል። ቲርዜፓታይድም በተመሳሳይ ሁኔታ ሞንጃሮ እና ዜፕባውንድ በሚሉ ስሞች ይታወቃል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዊጎቪን እንደ አውሮፓውያኑ በሰኔ 2021 ለክብደት መቀነሻነት ሲፈቅድ በቀረበው መረጃ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱ አዋቂዎች 3 በመቶ የሚሆኑት የፀጉር መርገፍ አጋጥሟቸዋል። ለማነጻጸሪያ መድኃኒትነት የሌለው መርፌ ከተሰጣቸው መካከል ይህ የገጠማቸው 1 በመቶ ነበሩ።

በኅዳር 2023 የተፈቀደው ዜፕባውንድ በሴቶችና በወንዶች መካከል ሰፊ ልዩነት አሳይቷል። መድኃኒቱን ከወሰዱ ሴቶች 7.1 በመቶ፣ ከወንዶች ግን 0.5 በመቶ ብቻ ፀጉራቸው መርገፉን ተናግረዋል። የመድኃኒቱ መግለጫ ችግሩን ያያያዘው ከክብደት መቀነሱ ጋር ነው።

ፀጉር ከወራት በኋላ ለምን ይረግፋል?

በሰው ራስ ላይ በአማካይ 100 ሺህ ገደማ ፀጉር ይገኛል። አብዛኛው በማደግ ላይ ሲሆን፣ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚደርሰው ደግሞ ዕድገቱን አቁሞ ያረፈ ነው። ያረፈው ፀጉር ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ይወድቅና በቦታው አዲስ ይበቅላል። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉም የተለመደ ነው።

ሰውነት ድንገተኛ ጫና ሲደርስበት ግን በማደግ ላይ የነበረው ፀጉር በብዛት ወደ ዕረፍት ይገባል። ወሊድ፣ ከባድ ትኩሳት፣ ቀዶ ሕክምናና ፈጣን የክብደት መቀነስ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። ሐኪሞች ይህን ሁኔታ ቴሎጅን ኢፍሉቪየም ይሉታል።

መርገፉ የሚታየው ከጫናው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ነው። በመሆኑም ዛሬ የሚረግፈው ፀጉር የሚናገረው ከወራት በፊት ስለሆነው ነገር ነው። ትናንት የተቀየረ ቅባት ወይም ሻምፑ ላይ ጥፋቱን መጣል ብዙ ጊዜ ስህተት የሚሆነውም ለዚህ ነው። የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችም ተመሳሳይ መርገፍ ያጋጥማቸዋል።

መርፌው ብቻ ነው ተጠያቂው?

ከመርፌው ጋር የሚያያዘው መርገፍ ብዙውን ጊዜ መላውን ራስ ያዳርሳል፤ ቆዳው አይቆስልም፣ አያሳክክም። ከዚህ የተለየ ምልክት ካለ ሌላ ምክንያት መፈለግ ያሻል።

ፀጉሩ በግንባር ዳርና በጆሮ ግንድ አካባቢ ብቻ ከሳሳ መንስኤው ጥብቅ ሹሩባ ወይም የተሰፋ ሰው ሠራሽ ፀጉር ሊሆን ይችላል። ይህ በጊዜ ካልታረመ የፀጉሩ ሥር ጠባሳ ይሆንና ፀጉሩ ተመልሶ አይበቅልም። መሐል አናት ላይ ቀስ በቀስ የሚታይ መሳሳት በዘር የሚወረስ ሊሆን ይችላል። ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ፣ ቅርፊት፣ መግል ወይም ሕመም ካለ ደግሞ ሐኪም ሳያይ መቆየት የለበትም።

የደም ማነስ፣ የብረት ማዕድን እጥረትና የእንቅርት ዕጢ መዛባትም ፀጉር ያረግፋሉ። ስለዚህ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የደም መጠንን፣ በሰውነት የተከማቸ ብረትን የሚያሳየውን ፌሪቲንንና የእንቅርት ዕጢን ሥራ እንዲመረመር ያዛሉ። የወር አበባ የሚበዛባቸው ሴቶች የብረት ክምችታቸው ሊመናመን ስለሚችል ምርመራው ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

ምግብ ላይ ምን ማስተካከል ይቻላል?

መርፌዎቹ የሚሠሩት የምግብ ፍላጎትን በመቀነስ ነው። ፀጉር ደግሞ የተሠራው ከፕሮቲን ነው። የሚበላው ሲያንስ ሰውነት ያለውን ለልብ፣ ለጡንቻና ለመሳሰሉት ያውላል፤ ፀጉር ወረፋው መጨረሻ ላይ ይገኛል።

ክብደት በሚቀንሱበት ወቅት ለአዋቂዎች ብዙ ጊዜ የሚመከረው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ነው። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን መጠኑን ከሐኪም ጋር መወሰን አለባቸው።

በካምፓላ ማዕድ ዋነኛ የሆነው ማቶኬ የፕሮቲን መጠኑ አነስተኛ ነው። ከባቄላ፣ ከኦቾሎኒ ወጥ፣ ከዓሣ ወይም ከእንቁላል ጋር ሲበላ ግን ጉድለቱ ይሞላል። ሆድ ቶሎ ስለሚሞላ ከማቶኬው ወይም ከእንጀራው በፊት ፕሮቲን ያለውን መቅመስ ይረዳል።

ለጿሚዎች ጉዳዩ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል። የምግብ ፍላጎቱ በመድኃኒት የተገታ ሰው እስከ ከሰዓት በኋላ ጾሞ ማምሻውን ጥቂት እንጀራ በጎመን ቢቀምስ የሚያገኘው ፕሮቲን እጅግ ያንሳል። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ በጾም ወቅት ዋና መተኪያዎች ናቸው። ሻይና ቡና ከእህል የሚገኘው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከምግብ ጋር ከመጠጣት ይልቅ አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት ይመረጣል።

ቫይታሚኖችና ቅባቶች ይጠቅማሉ?

“ለፀጉር” ተብለው የሚሸጡ እንክብሎች ጥቅም የሚሰጡት በአብዛኛው እጥረት ላለበት ሰው ነው። ቫይታሚን ኤ እና ሴሊኒየም ሲበዙ ራሳቸው ፀጉር ያረግፋሉ። ብረትም ያለ ምርመራ በብዛት ሲወሰድ ጉዳት አለው።

ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን የእንቅርት ዕጢንና የልብ ድካምን ለመለየት የሚደረጉ የደም ምርመራዎችን ውጤት ሊያዛባ እንደሚችል የአሜሪካው ተቋም በ2017 አስጠንቅቋል። የሚወስድ ሰው ከምርመራው በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ራስ ላይ የሚቀባው ሚኖክሲዲል በዘር ለሚወረስ መሳሳት ይረዳል። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉን ሊያብስ ስለሚችል፣ እርጉዝ ሴቶችም ስለማይጠቀሙበት በባለሙያ ምክር ቢጀመር ይመረጣል።

በዚህ ወቅት ሹሩባን ማላላት፣ የሚሰፋ ፀጉርንና ማለስለሻ ኬሚካልን ለጊዜው መተው፣ ለጋ ቡቃያዎች እንዳይነቀሉ ይጠብቃል። ዊግ ማድረግ የምትፈልግ ሴትም በማጣበቂያ የማይያዝና የግንባሩን ዳር የማይጎትት ብትመርጥ ይሻላል።

መርፌውን ማቋረጥ ይገባል?

በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይመከርም። ለስኳር ሕመም የሚወስደው ሰው ቢያቋርጥ የደም ስኳሩ ሊያሻቅብ ይችላል። ለክብደት ብቻ የሚወስዱትንም በተመለከተ፣ በ2022 የወጣ ጥናት ሴማግሉታይድ ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው መጨመራቸውን አሳይቷል።

የተሻለው መንገድ ክብደቱ ምን ያህል በፍጥነት እንደወረደ ከሐኪም ጋር ማየት ነው። ሐኪሙ መጠኑን ማሳደጉን ሊያዘገይ ወይም ባለበት ሊያቆየው ይችላል። ማስታወክ ወይም መብላት አለመቻል ካለ ደግሞ ከፀጉሩ በፊት ቅድሚያ የሚሰጠው እሱ ነው።

መድኃኒቱ ትክክለኛ መሆኑም መረጋገጥ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 ሐሰተኛ ኦዜምፒክ በብራዚል፣ በብሪታኒያና በአሜሪካ መገኘቱን ጠቅሶ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚያሻሽጥ ሰው ወይም ከቅዝቃዜ ውጭ ከተቀመጠበት ቦታ ከመግዛት ይልቅ ፈቃድ ያለው መድኃኒት ቤት መምረጥ ያስፈልጋል።

ፀጉሩ መቼ ይመለሳል?

የክብደቱ መውረድ ሲረጋጋና አመጋገቡ ሲስተካከል መርገፉ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ይቆማል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ግን የቀድሞ ገጽታው እስኪመለስ ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። በግንባር ዳር የሚታዩ አጫጭር ለጋ ፀጉሮች የማገገም ምልክት ናቸው። ከስድስት ወር በኋላም መርገፉ ከቀጠለ ሌላ ምክንያት መኖሩን ለማወቅ ወደ ቆዳ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።