ቤቱ ሲዞርብን ጥፋተኛው ማነው?

«ዶክተር፣ ቤቱ ይዞርብኛል» ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ «ደም ማነስ ነው» ወይም «ግፊት ነው» ብሎ ደምድሞ ነው። ጆሮውን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ድሮ ሐኪሞችም እንዲሁ ነበሩ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ድንገተኛ ማዞር የአንጎል ሕመም ነው ተብሎ ታማሚው ደሙ ይቀዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 ግን ፓሪስ በሚገኝ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ተቋም ይሠራ የነበረው ሐኪም ፕሮስፐር ሜኒዬር፣ ማዞር ከጆሮ ጩኸትና ከመስማት መቀነስ ጋር ሲመጣ መነሻው የውስጠኛው ጆሮ ሊሆን ይችላል አለ። በዓመቱ አረፈ፤ በሽታው ግን ዛሬም በስሙ ይጠራል።

በኋላ ቪየና ውስጥ ሮበርት ባራኒ የታካሚዎቹን ጆሮ በውሃ ሲያጥብ አንድ ነገር አስተዋለ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ያዞራቸዋል፤ የዓይናቸው ብሌንም ወደ አንድ ጎን ይወዛወዛል። ሲሞቅ ደግሞ ወደ ተቃራኒው። በውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ፈሳሹ በሙቀት ለውጥ ሲንቀሳቀስ አንጎል ጭንቅላታችን የዞረ ይመስለዋል። ባራኒ ለሥራው የ1914 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው በጦርነት ተማርኮ ሩሲያ ውስጥ ታስሮ ነበር። ምርመራው እስካሁን ይሠራበታል።

ስለዚህ ማዞር ካለብዎ የደም ማነስ መድኃኒት በራስዎ አይጀምሩ። ጆሮዎ ይጮህ ወይም መስማትዎ ይቀንስ እንደሆነ ለሐኪም ይንገሩ። የልጅዎን ጆሮ ቤት ውስጥ በውሃ አይጠቡ። ከማዞሩ ጋር ፊት መጣመም፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር ከመጣ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።